ያገለገለ ሃይብሪድ የሚገዛ ባትሪውን ይግዛ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች በታክሲና በስልክ ጥሪ የመጓጓዣ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን መኪና ለመግዛት ሲነሱ የቶዮታ ፕሪየስ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ዕቁብ የደረሰው ወይም ከዘመድ ተበድሮ ጥቂት ሺሕ ዶላር የያዘ ሹፌር ሻጩ ዘንድ ቀርቦ በቅድሚያ የሚጠይቀው “በጋሎን ስንት ማይል ይሄዳል?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቦታው ሁለተኛ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ተሸሽጎ ስለተቀመጠው ባትሪ ነው። በዚህ ገበያ አትራፊውንና ከሳሪውን የሚለየው እሱ ነውና።

ጉዳዩ አዲስ አበባ ላለው ነጋዴም ባዕድ አይደለም። ከዚያ ወደዚህ ከሚላከው ዶላር ውስጥ ከታክሲ መሪ ላይ የተገኘው ቀላል አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት ካሳወቀ ወዲህ የመኪና ገበያው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚያሻሽጥ የአዲስ አበባ ደላላም ይኸው የባትሪ ጥያቄ የሚጠብቀው ነው።

ቤንዚን ብቻ የሚበላ መኪና

ሃይብሪድ ሲባል ብዙ ሰው ግማሹን መንገድ በነፃ የሚሄድ መኪና ይመስለዋል። ከግድግዳ ላይ ተሰክቶ የማይሞላው ተራው ሃይብሪድ ግን ከቤንዚን በቀር ሌላ የኃይል ምንጭ የለውም። ባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል በሙሉ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ከሰልባትዮው የወጣ ነው። ታዲያ ቁጠባው ከየት ይመጣል?

ዋናው ምንጭ ፍሬን ነው። ተራ መኪና ፍሬን ሲያዝ፣ በቤንዚን ተገዝቶ የተገኘው ፍጥነት የፍሬን ሸራውን አግሎ በአየር ላይ ይበተናል። ሃይብሪድ መኪና ላይ ግን ጎማውን የሚያሽከረክረው የኤሌክትሪክ ሞተር ፍሬን በሚያዝበት ጊዜ ወደ ዲናሞነት ተለውጦ ያንኑ ፍጥነት ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። የፍሬን ሸራው ለብዙ ዘመን የሚቆየውም ለዚሁ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ የቤንዚኑ ሞተር በቀይ መብራትና በትራፊክ መጨናነቅ ጊዜ ይጠፋል። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ መኪናው ሲነሳና ዳገት ሲወጣ የኤሌክትሪኩ ሞተር ስለሚያግዝ የቤንዚኑ ሞተር አነስ ያለና ለቁጠባ የተሠራ መሆን ይችላል።

ፕሪየስ በዚህ ዓይነት በብዛት ተመርተው ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ነው። መካኒኮች ኮፈኑን ሲከፍቱ የለመዱትን ብዙ ነገር ያጡበታል። ሞተሪኖ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ በቺንጋ የሚዞር ዲናሞም ሆነ ማርሽ የሚቀያይር ካምቢዮ የለውም። በእነዚህ ፋንታ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና የቤንዚኑ ሞተር በአንድ የጥርስ ስብስብ ተገናኝተው ሥራውን ይከፋፈሉታል። የሚበላሽ ዕቃ መቀነሱ ለታክሲ ሥራ ትልቅ ጥቅም ነው። አሮጌ ፕሪየስ ላይ ሹፌሮች ያላቸው እምነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

ሒሳቡ

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መለኪያ እንደሚያሳየው ከ2004 እስከ 2009 ሞዴል ያለው ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ከተማና አውራ ጎዳና ተደምሮ በጋሎን 46 ማይል ይሄዳል፤ በሊትር 19 ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል ያለው ሦስተኛው ትውልድ 50 ማይል፣ ከእሱ የቀጠለው አራተኛው ደግሞ በተለመደው ዓይነቱ 52 ማይል ይሄዳል። ከተራ መኪና የሚለየው በከተማ ውስጥ የተሻለ ቁጥር ማስመዝገቡ ነው። ሁለተኛው ትውልድ በከተማ 48፣ በአውራ ጎዳና 45 ነው። ፍሬን በበዛ ቁጥር የሚመለሰውም ይበዛል።

አንድ ሹፌር በዓመት 40 ሺሕ ማይል ይነዳል እንበል። በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ ተራ መኪና ቢይዝ 1,600 ጋሎን ይፈልጋል። 46 የሚሄደው ግን 870 ገደማ ይበቃዋል። ልዩነቱ 730 ጋሎን ነው። ጋሎኑ በ3 ዶላር ቢታሰብ በዓመት 2,190 ዶላር ኪሱ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ባትሪው ይግባበት። ባትሪ ለማስቀየር የሚወጣው ገንዘብ እንደ ሞዴሉ፣ እንደ ዕቃው ዓይነትና እንደ ጋራዡ ይለያያል። ለሒሳብ እንዲመች በ3,000 ዶላር ይያዝ። መኪናው በተገዛ በሁለት ወሩ ባትሪው ቢሞት፣ ሹፌሩ ያንን ወጪ በቤንዚን ቁጠባ ለመመለስ ከ16 ወር በላይ መንዳት አለበት። መኪናው ጋራዥ ሲቆም የሚቀረው የቀን ገቢ በዚህ ውስጥ አልገባም። ዕቁቡን የሚጥለው፣ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው፣ ለእናቱ የሚልከው ከዚያው የቀን ገቢ መሆኑ መረሳት የለበትም።

በዓመት 8 ሺሕ ማይል ብቻ የሚነዳ የቢሮ ሠራተኛ ላይ ሒሳቡ ይብስበታል። የዓመት ቁጠባው 440 ዶላር እንኳ ስለማይሞላ 3,000 ዶላሩን ለመመለስ ሰባት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አሮጌ ሃይብሪድ ብዙ ለሚነዳ ሰው እንጂ መኪናውን አቁሞ ለሚውል ሰው ያን ያህል የሚያስጎመጅ አይደለም።

ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢው የማያውቀው

ያገለገለ መኪና ገበያ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙትና በኋላ፣ በ2001፣ ለኖቤል ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች ቀዳሚ በሆነው ጽሑፋቸው የተነሱት ከዚሁ ገበያ ነበር። አሜሪካውያን ብልሹ መኪናን “ሎሚ” ይሉታል። ሻጩ መኪናው ሎሚ መሆን አለመሆኑን ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም።

ይህን ወደ ፕሪየስ ቢያመጡት እንዲህ ይሆናል። ባትሪው ደህና የሆነ መኪና 8,000 ዶላር፣ ባትሪው ሊሞት የተቃረበው 5,000 ዶላር ያወጣል እንበል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ታጥበው፣ ተወልውለው ያብረቀርቃሉ። መለየት ያልቻለ ገዢ አማካዩን፣ 6,500 ዶላር፣ ይሰጣል። የደህናው መኪና ባለቤት “አልሸጥም” ብሎ ይመለሳል። የሌላው ባለቤት ግን ደስ ብሎት ይፈርማል። በዚህ ዓይነት ደህና ደህናው ከገበያው እየሸሸ፣ ዋጋቸው ርካሽ የሚመስሉት ይቀራሉ። ጥሩ መኪና ብዙውን ጊዜ ከማስታወቂያ ይልቅ በወዳጅ፣ በዕቁብተኛና በአብሮ አደግ በኩል እጅ የሚለውጠውም ለዚህ ይመስላል።

መድኃኒቱ ባትሪውን መመርመር ነው። ምርመራው ደግሞ ከአንድ ቀን የታክሲ ገቢ ያነሰ ዋጋ ባለው መሣሪያ ሊሠራ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ሳያስመረምር የሚገዛው ሰው ቁጥር ቀላል አለመሆኑ የሚያስገርም ነው።

ባትሪው ምን ይናገራል?

የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ ከኒኬልና ከሜታል ሃይድራይድ የተሠሩ 28 ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረው የተገጠሙበት ሲሆን፣ በድምሩ 201.6 ቮልት ይሰጣል። መኪናው ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አይሞላውም፤ ባዶም አያደርገውም። አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ጥቂት ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። ዕድሜው የሚረዝመውም በዚህ ነው። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ ሸማቾች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2011 ከ200 ሺሕ ማይል በላይ የተነዳ የ2002 ሞዴል ፕሪየስ አስፈትኖ በጋሎን 40.4 ማይል መሄዱን አረጋግጧል። መጽሔቱ ከአሥር ዓመት በፊት አዲሱን ሲፈትን ያገኘው 40.6 ነበር። ስለዚህ ብዙ ማይል መነዳት ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም። የባትሪው ጠላቶች ሙቀት፣ የዕድሜ ብዛትና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ መቆሙ ናቸው።

ባትሪው የሚቀዘቅዝበት አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር ጎን ባለች ትንሽ ወንፊት ነው። ታክሲ ሆኖ በሠራ መኪና ላይ ይህች ወንፊት በአቧራና በፀጉር ተደፍና፣ ወይም በተሳፋሪ ካፖርትና ሻንጣ ተሸፍና ትውላለች። ገዢው በመጀመሪያ ጎንበስ ብሎ እሷን ቢያይ ስለ ቀድሞው ባለቤት አያያዝ ብዙ ይረዳል። በመደበኛ የአየር ሁኔታ ከኋላ የሚጮህ ቬንቲሌተር ከተሰማም ባትሪው እየጋለ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ መኪናውን መንዳት ይመጣል። ገዢው መኪናው ሳይነሳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መድረስ አለበት። “አሙቄ ጠበቅሁህ” የሚል ሻጭ አንድ ነገር ሳይሸሽግ አልቀረም። ከዚያ ዳገትና ቁልቁለት ባለው መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነዳል፤ ዓይኑን ግን ከባትሪው መለኪያ አያነሳም። ደህና ባትሪ ከፍም ዝቅም የሚለው ቀስ እያለ ነው። መለኪያው በአንድ ዳገት ወርዶ ወርዶ ታች ከደረሰ፣ በአንድ ቁልቁለት ደግሞ ወዲያው ከሞላ፣ ባትሪው የመያዝ አቅሙን አጥቷል። ጠባብ ጀሪካን ቶሎ ይሞላል፤ ቶሎም ያልቃል።

ሦስተኛው እርምጃ ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ የሚሰካውን ትንሽ አንባቢ ከእጅ ስልክ ጋር አገናኝቶ ማየት ነው። የሃይብሪድ ባትሪን ብቻ የሚመረምሩ የስልክ ፕሮግራሞች አሉ። 28ቱ ሳጥኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ በ14 ጥንድ ይነበባሉ። ነዳጅ ተረግጦ መኪናው ሲጫን አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ 1 ቮልት ያህል ከወረደ ችግሩ ያ ነው። “ፒ0ኤ80” የሚል የስሕተት ቁጥር ከወጣ ደግሞ መኪናው ራሱ ባትሪዬ ይቀየር እያለ ነው።

ተንኮለኛ ሻጭ ይህን ቁጥር ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሊሰርዘው ይችላል። ሲሰርዘው ግን መኪናው ራሱን የፈተሸባቸው መዝገቦች አብረው ባዶ ይሆናሉ። አንባቢው መዝገቦቹ ገና አልተሟሉም ካለ፣ ስሕተቱ በቅርብ ቀን ተሰርዟል፤ አለበለዚያም የ12 ቮልቱ ባትሪ ተነቅሎ ነበር። በሁለቱም በኩል ገዢው ዋጋ ሳይቆርጥ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ቢያየው ይሻላል።

“ባትሪው ተቀይሯል” የሚል ቃልም ዝርዝር ይፈልጋል። አዲስ ባትሪ መገጠምና አሮጌው መጠገን አንድ አይደሉም። ጥገና የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ28ቱ የሞተውን አንዱን አውጥቶ ከሌላ አሮጌ መኪና በተፈታ መተካት ነው። የቀሩት 27 ያው ያረጁት ናቸውና ከጥቂት ወራት በኋላ ተራቸው ይደርሳል። ደረሰኝ የሌለው “አዲስ ባትሪ” እንደ አሮጌ ተቆጥሮ ዋጋው ይነገርበት።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ፕሪየስ ከትልቁ ባትሪ ሌላ መኪናውን የሚቀሰቅስ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው። እሱ ሲደክም ዳሽቦርዱ በሙሉ በማስጠንቀቂያ መብራት ይሞላና መኪናው አልነሳም ይላል። የማያውቅ ሻጭ ትልቁ ባትሪ የሞተ መስሎት በርካሽ ይለቅቃል። እንዲህ ዓይነቱ አጋጣሚ ብዙ ባይሆንም ለነቃ ገዢ ጥሩ ትርፍ ነው።

ከባትሪው ሌላ የሦስተኛው ትውልድ ሞዴሎች ሞተር ይፈተሽ። ከ2010 እስከ 2014 ባሉት ላይ የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተር የሚመለስበት ቧንቧ በጥላሸት መደፈንና የቴስታታ ጋስኬት መቃጠል በመካኒኮች ዘንድ በደንብ የታወቀ ችግር ነው። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰኮንድ የሚንቀጠቀጥና ነጭ ጭስ የሚያወጣ፣ የራዲያተር ውኃውም ቦታው ሳይታወቅ የሚጎድል መኪና ባትሪ ከማስቀየር የማይተናነስ ወጪ ያስከትላል። ብዙ የሞተር ዘይት የሚበሉም ስላሉ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዞ ማየት አይከፋም። በሁለተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በሥፍራው መኖሩ ይረጋገጥ። ውስጡ ያሉት የከበሩ ማዕድናት ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2021 ጣሪያ በነካበት ጊዜ ሌቦች ከመኪናው ሥር ገብተው በመጋዝ ይቆርጡት ነበር። በርካሽ ዕቃ የተተካም ይኖራል።

ቶዮታ ያለ ክፍያ ሊያስተካክላቸው የጠራቸው ጉድለቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁለተኛው ትውልድ የኢንቨርተር ማቀዝቀዣ ፓምፕ፣ በ2014 ለሦስተኛው የኢንቨርተር ፕሮግራም ጥሪ አድርጓል። ጥሪው መፈጸም አለመፈጸሙን የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ በማየት በነፃ ማወቅ ይቻላል።

ከተገዛ በኋላ፦ እግር የሚቆጥበው

አንዱ ሹፌር ከፕሪየስ በጋሎን 50 ሲያገኝ፣ ሌላው በዚያው ሞዴል 40 አገኘሁ ብሎ ያማርራል። በ40 ሺሕ ማይል ላይ ልዩነቱ 200 ጋሎን፣ ማለትም በ3 ዶላር ሒሳብ 600 ዶላር ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ነዳጅ እየረገጡ፣ ፍሬን እየያዙ መክነፍ በአውራ ጎዳና ከ15 እስከ 30፣ በከተማ ከ10 እስከ 40 በመቶ ያባክናል።

ትልቁ ጥበብ ፍሬን ላይ ነው። ባትሪው በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ኃይል የተወሰነ ነው። ድንገት አጥብቆ የያዘ ሹፌር ከዚያ የተረፈውን ለፍሬን ሸራው ይሰጠዋል። ከሩቅ ቀይ መብራት ያየና እግሩን አንስቶ ፍሬኑን በለሆሳስ፣ ረዘም አድርጎ የያዘ ግን ብዙውን ያስመልሳል። ከዚያም የተሻለው ጨርሶ ፍሬን አለመያዝ ነው፤ ወደ ባትሪ ሲገባም ከባትሪ ሲወጣም ኃይል በመንገድ ይጎድላልና። ከፊት ካለው መኪና ርቀት ጠብቆ መንከባለል ይህን ያስገኛል።

ሲነሱ ደግሞ እንደ ኤሊ መጎተት አይጠቅምም። ቤንዚኑ ሞተር እንዳይነሳ ብለው በባትሪ ብቻ የሚያዘግሙ ሹፌሮች አሉ። ከባትሪው የወጣው ሁሉ ቆይቶ በቤንዚን እንደሚሞላ ግን ይዘነጉታል። መጠነኛ ኃይል ሰጥቶ የሚፈለገው ፍጥነት ላይ መድረስ፣ ከዚያ እግርን ጥቂት አንስቶ መኪናው እንዲንከባለል መተው የተሻለ ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ ለመሄድ ተብሎ የተሠራውን ቁልፍ ሁልጊዜ መጫንም በዚሁ ምክንያት ኪሳራ ነው።

በትራፊክ መጨናነቅ ጊዜ ፎሌ ላይ ማቆም የተራ መኪና ልማድ ነው። ፕሪየስ ላይ ግን ፎሌ ሲሆን ትልቁ ባትሪ አይሞላም። ማቀዝቀዣው ደግሞ ከባትሪው መብላቱን ይቀጥላል። ለረጅም ጊዜ መቆም ካለበት ማርሹ “ፒ” ላይ ይሁን።

በአውራ ጎዳና ላይ ፍጥነት ይወስናል። በሰዓት ከ50 ማይል ሲያልፍ የነፋሱ ግፊት ቶሎ ስለሚያይል የትኛውም ባትሪ አያድንም። የጎማ ነፋስ በሹፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ልክ መሆን አለበት። ክረምቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የሙቀት መጠኑ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 7 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ በአጫጭር ጉዞ ላይ ሃይብሪድ ከ30 እስከ 34 በመቶ የሚሆነውን የቁጠባ አቅሙን እንደሚያጣ መሥሪያ ቤቱ ይገልጻል። ሞተሩ እስኪሞቅ አይጠፋም፤ የመኪናው ውስጥ ማሞቂያም ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። በጃንዋሪ “ባትሪዬ ሞተ” ብሎ ወደ ጋራዥ የሚሮጥ ሹፌር በመጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ቢያይ ገንዘቡን ያተርፋል።

መኪናውን በቨርጂኒያ የሚያስመዘግብ ሰው በሒሳቡ ላይ አንድ መስመር ይጨምር። ግዛቱ ቆጣቢ መኪኖች የነዳጅ ቀረጥ አሳነሱብኝ በሚል፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 ጀምሮ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ በሚሄዱት ላይ በዓመታዊ ምዝገባ ጊዜ የሚከፈል የመንገድ መጠቀሚያ ክፍያ ጥሏል። ክፍያው ከቁጠባው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ቢሆንም ደረሰኙ ሲመጣ ብዙዎችን ያስገርማል።